የንግድ ስሜን ሌላ ሰው በዶት ኮም ይዞታል፤ ላስመልሰው እችላለሁ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ከ2017 ጀምሮ የሕፃናት ልብስ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። የንግድ ስሜ ሁለት ተራ ቃላት ተገጣጥመው የተሠራ ነው፤ አንዱ የቀለም፣ ሌላው የወፍ ስም። ሥራውን ስጀምር ዶት ኮሙ ተይዞ ስለነበር መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለበትን ገዛሁ። ስሙን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገብኩት በ2022 ነው። ሰረዝ የሌለው አድራሻ ላይ አሁን ያለው የማስታወቂያ ገጽ ብቻ ነው። የምዝገባ መዝገቡ ዶሜይኑ (የኢንተርኔት አድራሻው) የተፈጠረው በ2009 ነው ይላል። ለባለቤቱ ‹በስንት ትሸጠዋለህ?› ብዬ ስጽፍለት 9,000 ዶላር ጠየቀኝ። ደንበኞቼ ተሳስተው እዚያ ይገባሉ። ይህ ሳይበርስኳቲንግ (የሌላን ሰው የንግድ ስም በኢንተርኔት አድራሻነት ይዞ መነገድ) አይደለም? ልክሰሰው ወይስ ልክፈለው?» (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።)

ንዴትዎ ይገባኛል። ስምን ለሰው ማስለመድ የዓመታት ልፋት ነው። በዚያ ልፋት ላይ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ዋጋ ሲጠራ ማየት ያበግናል።

ግን ቁርጡን ልንገርዎ። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚወስነው «ስሙ ለማን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ አይደለም። የሚወስኑት ቀኖች ናቸው። ከጻፉልኝ ውስጥ 3 ዓመቶች አግኝቻለሁ፤ 2009፣ 2017 እና 2022። አራተኛው የለም። እሱም አሁን ያለው ሰው ዶሜይኑን እጁ ያስገባበት ቀን ነው። ጉዳይዎን የሚያድነውም የሚገድለውም ያ የጎደለው ቀን ነው።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ትንሽ ልበል። ለዶት ኮም ክርክር ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ፍርድ ቤት አይደለም። የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን በ1999 ዩዲአርፒ የተባለ የዶሜይን ክርክር መፍቻ ደንብ አውጥቷል። ዶት ኮም የሚያስመዘግብ ሰው ሁሉ ውሉን አነበበውም አላነበበውም፣ በዚህ ደንብ ለመዳኘት ተስማምቷል። ስለዚህ ሰውየው የትም አገር ቢኖር ጉዳዩ ይታያል፤ መልስ ባይሰጥ እንኳ ውሳኔ ይሰጣል። አቤቱታ ከሚቀበሉት ተቋማት መካከል በጣም የሚታወቀው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋይፖ ነው። ዳኞቹ በዘርፉ የቆዩ የሕግ ሰዎች ናቸው። ክርክሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው። ችሎት የለም፣ ምስክር ቀርቦ አይጠየቅም።

አመልካች የሚያስረዳው 3 ነገር ነው። ዶሜይኑ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ዓይነት ወይም የሚያደናግር መሆኑን፣ ያዡ በስሙ ላይ መብት ወይም ተገቢ ጥቅም የሌለው መሆኑን፣ ስሙም በክፉ ልቦና የተመዘገበና በክፉ ልቦና እያገለገለ ያለ መሆኑን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ለእርስዎ ቀላል ነው። የሰረዝ መኖር አለመኖር ለውጥ አያመጣም። የተመዘገበ ምልክት አለዎት። ምልክቱ ከዶሜይኑ በኋላ መመዝገቡም በዚህ ደረጃ አያግድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ይህን በር ሲያልፍ ያሸነፈ ይመስለዋል።

ወገብ የሚሰብረው ሦስተኛው ነው። ደንቡ «የተመዘገበ እና ጥቅም ላይ የዋለ» ነው የሚለው። «ወይም» አይልም። ሰውየው ስሙን የያዘ ዕለት እርስዎን አስቦ መሆን አለበት። ያኔ የማያውቅዎት ከሆነ፣ ዛሬ የሚያደርገው ክፉ ቢሆንም በአብዛኛው አይበቃም። በ2009 ንግድዎ አልተወለደም። ገና ሊወለድ ያለን ስም ወሬ ሰምቶ የቀደመ ሰው ካልሆነ በቀር፣ የሌለን ንግድ አስቦ ስም የሚይዝ የለም። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ ይዞት ያለው ይኸው ሰው ከሆነ፣ ለአቤቱታ አንድ ዶላር እንኳ አያውጡ።

ነገር ግን 2009 የዶሜይኑ የልደት ዓመት እንጂ የሰውየው ላይሆን ይችላል። ዶሜይን ጊዜው አልፎበት ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲመዘገብ የልደት ቀኑ ይለወጣል። ከመሰረዙ በፊት በጨረታ ወይም በሽያጭ እጅ ከቀየረ ግን የድሮው ቀን እንዳለ ይቀራል። ዳኞች የሚመለከቱት አሁን ያለው ያዥ የተረከበበትን ቀን ነው። በየዓመቱ ማሳደስ እንደ አዲስ ምዝገባ አይቆጠርም፤ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ግን ይቆጠራል።

ያንን ቀን እንዴት እንደምፈልገው ላሳይዎ። መጀመሪያ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠውን የኢንተርኔት አርካይቭን ዌይባክ ማሽን እከፍትና አድራሻውን አስገብቼ ዓመት በዓመት እወርዳለሁ። አንድ ጊዜ በያዝኩት ጉዳይ ገጹ ለዓመታት የአንዲት ፎቶ አንሺ ነበር። የሠርግ ፎቶዎቿ፣ የቀጠሮ ቅጿ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። ከዚያ 4 ወር ባዶ። ቀጥሎ «ይህ ስም ይሸጣል» የሚል ገጽ። ቀጥሎ ማስታወቂያ። መዝገቡ ላይ ያለው የልደት ቀን ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ደንበኛዬ ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ነበር። ያቺ የ4 ወር ክፍተት ናት ስሙን ያስመለሰችለት።

ሁለተኛ፣ የድሮ የምዝገባ መረጃዎችን የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ያስከፍላሉ። መዝጋቢ ድርጅቱ (ዶሜይኑ የተመዘገበበት ኩባንያ) የተቀየረበትን፣ የስም ሰርቨሩ (አድራሻው ወደ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚመራ የሚናገረው) የተለወጠበትን ቀን ያሳያሉ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተለወጡ፣ እጅ የቀየረው ያኔ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ከግንቦት 2018 በፊት የባለቤቱ ስምም ይታይ ነበር። የአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን አብዛኛው ተሸፍኗል። የሰውየውን ማንነት አለማወቅዎ አቤቱታ ከማቅረብ አያግድዎትም። አቤቱታው ሲገባ ተቋሙ መዝጋቢውን ይጠይቃል። መዝጋቢው የያዡን ስም ይሰጣል፣ ዶሜይኑንም በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ስሙን ወደ ሌላ ማሸሽ አይችልም። እርስዎም የተገለጸውን ስም አይተው አቤቱታዎን እንዲያስተካክሉ ጊዜ ይሰጥዎታል።

እንበልና አራተኛው ቀን 2020 ሆነ። ከንግድዎ መጀመር በኋላ ነው፤ ከምልክቱ መመዝገብ ግን በፊት። ይህ ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ቦታ ነው። ባልተመዘገበ ምልክት ላይም መብት ሊኖር ይችላል። ግን «ከ2017 ጀምሮ እሠራለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሃ አያነሳም። በ2020 ሰው ያንን ስም ሲሰማ እርስዎን ያስብ እንደነበር ማሳየት አለብዎት። የ3 ዓመት የሽያጭ ቁጥር፣ የማስታወቂያ ወጪ ደረሰኝ፣ ስለ እርስዎ የተጻፈ ዜና፣ በየገጹ የነበረው ተከታይ ብዛት፣ ደንበኞች ስምዎን ጠርተው የጻፉት አስተያየት፤ ሁሉም ቀን ያለበት ይሁን። ቀን የሌለው ማስረጃ ግማሽ ማስረጃ ነው። ተራ ቃላት ለሆነ ስም ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠየቃሉ።

ስለ ተራ ቃላት ጉዳይ ሳልሸፍን ልናገር፤ ሁለተኛው ነጥብ፣ የያዡ ተገቢ ጥቅም፣ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ድክመትዎም እዚህ ጋር ነው። በ2000 ሙዚቀኛው ስቲንግ በስሙ የተመዘገበውን ዶት ኮም ለማስመለስ ለዋይፖ አመልክቶ አልተሳካለትም። ቃሉ በእንግሊዝኛ ብዙ ትርጉም ያለው ተራ ቃል ነው። ያን የሚያህል ዝና ይዞ ነው የተሸነፈው። የእርስዎም ስም የቀለምና የወፍ ስም ነው። ሰውየው «አጭርና ያማረ ስም ስለሆነ ገዛሁት፣ ስለ እርስዎ ሰምቼም አላውቅ» ይላል። ስም ገዝቶ መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ብዙ ሰው ይተዳደርበታል።

ይህን መከላከያ የሚያፈርሰው ራሱ የማስታወቂያው ገጽ ነው። ገጹን ከፍተው በደንብ ያንብቡት። ማስታወቂያዎቹ «የወፍ ጎጆ»፣ «የወፍ ምግብ»፣ «የግድግዳ ቀለም» የሚሉ ከሆነ ሰውየው የተጠቀመው በቃላቱ ትርጉም ነው። እርስዎን አልነካም። ጉዳዩ ለእሱ ያዘነብላል። «የሕፃናት ልብስ»፣ «የአራስ ልጅ ስጦታ» ወይም የተፎካካሪዎችዎ ስም ካለበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወፍ ፈልጎ የመጣ ሰው የሕፃን ካልሲ ማስታወቂያ የሚታየው ለምንድን ነው? መልሱ እርስዎ ነዎት። ሰውየው የሚበላው ከእርስዎ ስም ነው። «ማስታወቂያውን የሚያወጣው ማሽን ነው፣ እኔ አልመረጥኩትም» የሚል መልስ ይመጣል። ዳኞች ይህን በአብዛኛው አይቀበሉትም። ገጹ የእርሱ ነው፣ ኃላፊነቱም የእርሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ማስታወቂያው እንደ ጎብኚው ይለያያል። እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ልብስ የሚፈልጉ ሰው ስለሆኑ ለእርስዎ ብቻ እንዲያ ሊታይ ይችላል። በሌላ ሰው ስልክ፣ በሌላ ከተማ ባለ ኮምፒውተር ያስከፍቱት። ቀንና ሰዓት፣ ሙሉ አድራሻው እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ።

አሁን ወደ 9,000 ዶላሩ ልምጣ። በጣም የተናደዱት በእሱ ይመስለኛል። ያዡ ስሙን በዋናነት የያዘው ለምልክቱ ባለቤት ካወጣው ወጪ በላይ ለመሸጥ ከሆነ፣ ደንቡ የክፉ ልቦና ምልክት ያደርገዋል። በዩዲአርፒ የተወሰነው የመጀመሪያው ጉዳይ ራሱ ይህ ነው። አንድ ሰው የታወቀውን የአሜሪካ የነጻ ትግል ድርጅት ስም በጥቅምት 1999 አስመዘገበ። በ3 ቀኑ ለድርጅቱ ጽፎ 1,000 ዶላር ጠየቀ። በጥር 2000 ስሙ ለድርጅቱ ተላለፈ። ልዩነቱን አስተዋሉት? እዚያ ቀድሞ የጻፈው ያዡ ነው። የእርስዎን ጉዳይ ስናይ ቀድመው የጠየቁት እርስዎ ነዎት። ሲጠየቅ ዋጋ መጥራት ብቻውን ብዙም አያስወቅስም። ለዚህ ነው ደንበኞቼን «እኔ ሳላየው አንድም ኢሜይል አትላኩ» የምለው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያ ኢሜይል አሁን በሰውየው እጅ ነው።

ሰውየው የለየለት ከሆነ ደግሞ ዱካው ራሱ ይናገራል። በ1990ዎቹ የፊልም ካሜራ ኩባንያውን የፓናቪዥንን ስም በዶት ኮም የያዘው ዴኒስ ቶፐን ገጹ ላይ የለጠፈው ፓና የተባለችውን የኢሊኖይ ከተማ ፎቶ ነበር። ለስሙ 13,000 ዶላር ጠየቀ። ኩባንያው እምቢ ሲለው ቶፐን ፓናፍሌክስ የተባለውን የኩባንያውን ሌላ ምልክትም በዶት ኮም አስመዘገበ። እዚያ ገጽ ላይ የነበረው «ሄሎ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የብዙ ሌሎች ኩባንያዎችን ስምም ይዞ ተገኘ። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1998 ለፓናቪዥን ፈረደ። ስለዚህ ያዡ ሌላ ምን ምን ስም አለው? የሌሎች ነጋዴዎችን ምልክት ይሰበስባል ወይስ ተራ ቃላትን? የዋይፖ ውሳኔዎች በሙሉ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ስሙ ወይም የሚሸጥበት ገጽ ከዚህ በፊት ተከሶ እንደሆነ ይፈልጉ።

ገጹ ባዶ ቢሆንስ የሚሉኝም አሉ። ባዶ ማስቀመጥም ሁልጊዜ አያድንም። በ2000 የአውስትራሊያው የስልክ ኩባንያ ቴልስትራ ባቀረበው አቤቱታ፣ ምልክቱ እጅግ የታወቀ ሆኖ ያዡም ማንነቱን ደብቆ ስለነበር፣ ምንም ሳይሠራበት ዝም ብሎ መያዙ እንደ ክፉ አጠቃቀም ተቆጥሯል። ይህ ግን ለትልልቅ ስሞች የተሰፋ ልብስ ነው። በተራ ቃላት ለተሠራ ስም ብዙም አይሆንም።

የተገላቢጦሹንም ይወቁት። ኡዚ ኒሳን የሚባል ነጋዴ በቤተሰቡ ስም የኮምፒውተር ድርጅት ነበረው። ኒሳን ዶት ኮምን በ1994 አስመዘገበ። መኪና አምራቹ በ1999 ከሰሰው፤ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ገጹ ላይ የመኪና ማስታወቂያ ማውጣቱ ጥፋት ነው ተባለ፤ ስሙ ግን እሱ ዘንድ ቀረ። ቀድሞ በቅን ልቦና የያዘን ሰው ግዙፍ ኩባንያም አይነቅለውም። ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ይውሰዱ፤ ቀን ያለውን ክብደት እና የማስታወቂያውን ይዘት።

መክሰስ ስንት ያስወጣል? በዋይፖ ከ1 እስከ 5 ዶሜይን፣ በአንድ ዳኛ 1,500 ዶላር ነው። በ3 ዳኛ 4,000። የጠበቃ ክፍያ ለብቻው ነው። ካሸነፉም ወጪዎ አይመለስልዎትም፤ የሚሰጠው ዶሜይኑን ማስተላለፍ ወይም መሰረዝ ብቻ ነው። ተጠሪው ለመልስ 20 ቀን አለው። ነገሩ በአብዛኛው በ2 ወር አካባቢ ያልቃል። ዳኛ ከመሰየሙ በፊት ከተስማሙ ከ1,500ው 1,000 ዶላር ይመለሳል፤ ብዙ ጉዳዮች በዚያች መስኮት ውስጥ በስምምነት ይዘጋሉ። የተሸነፈው ወገን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔው እንዳይፈጸም ማድረግ ይችላል።

ፍርድ ቤትም ሌላ መንገድ ነው። አሜሪካ በ1999 ለዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥታለች፤ ለአንድ ዶሜይን ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ያስፈርዳል። በእርስዎ ጉዳይ ግን የጠበቃው ወጪ ከስሙ ዋጋ ይበልጣል። እሱን እንተወው።

አቤቱታ ደካማ ሆኖ ሲቀርብ የሚመጣውን ጣጣም ልንገርዎ። አመልካቹ እንደማያሸንፍ እያወቀ ሰውን ለማስጨነቅ ከመጣ፣ ዳኛው «የዶሜይን ነጠቃ ሙከራ ነው» ብሎ ውሳኔው ላይ ሊጽፍ ይችላል። ቅጣት የለውም። ግን ከስምዎ ጋር ታትሞ ይቀራል፤ ማንም ሲፈልግ ያገኘዋል። አንድ ነጋዴ «ቀኑ ከምልክትህ 6 ዓመት ይቀድማል፣ አይሆንም» ብዬው ሌላ ጋ ሄደ። ተሸነፈ፣ ያም ተጻፈበት። ያዡም ዋጋውን ከቀድሞው እጥፍ አደረገው። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ጥሩ ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አራተኛው ቀን ከ2017 በፊት ከሆነ ክሱን እረሳለሁ። ስሙን በእርግጥ ከፈለግኩት እደራደራለሁ። 9,000 የመነሻ ዋጋ ነው፣ የመጨረሻ አይደለም። ስሜን በማያሳይ ደላላ በኩል ከጥቂት ወራት በኋላ እመለሳለሁ፤ ገንዘቡንም ዶሜይኑ እጄ እስኪገባ በሚይዝ አደራ ተቀባይ በኩል ብቻ እከፍላለሁ። ቀኑ ከ2017 በኋላ ከሆነና ማስታወቂያዎቹ የሕፃናት ልብስ ከሆኑ አቤቱታ አቀርባለሁ። ከ2022 በኋላ ከሆነ ደግሞ በራስ መተማመን አቀርባለሁ። ቀኑ ከ2017 በኋላ ሆኖ ማስታወቂያዎቹ ስለ ወፍ ከሆኑ፣ ከልብ ነው የምልዎት፣ ገንዘብዎን ለድርድሩ ያስቀምጡ።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ግን ከሁሉ ያሳስበኛል። «ደንበኞቼ ተሳስተው ይገባሉ» ብለዋል። ኢሜይልስ ተሳስተው ይልካሉ? ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ይጠይቁና ያ ዶሜይን ኢሜይል እንዲቀበል ተዘጋጅቶ እንደሆነ ያስፈትሹ፤ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ከተዘጋጀ የደንበኞችዎ ትዕዛዝና የቤት አድራሻ በማያውቁት ሰው ሳጥን ውስጥ እየወደቀ ሊሆን ይችላል። በስምዎ ደረሰኝ ወይም የክፍያ መልእክት ከዚያ አድራሻ ከተላከ ጉዳዩ ማጭበርበር ይሆናል። ያኔ አቤቱታውን ሳይጠብቁ ለመዝጋቢው ድርጅት ወዲያው ያመልክቱ፣ ደንበኞችዎንም ያስጠንቅቁ። እንዲህ ያለ አጠቃቀም ለዳኛም ክርክር የማያስነሳ ክፉ ልቦና ነው።

ለሰውየው አሁን ምንም አይጻፉለት። ክስ እንደሚያስቡ ከጠረጠረ ማስታወቂያዎቹን በአንድ ሌሊት ይለውጣቸዋል። ፎቶዎቹን ዛሬ ማታ ያንሱ፣ የዌይባክ ማሽኑን ዓመታት አንድ በአንድ ይዩና ገጹ የተለወጠበትን ወር ይጻፉልኝ። ያንን ወር ሳይ ቁርጥ ያለውን መልስ እሰጥዎታለሁ።